የኅዳግ ጽሑፍ

ጎፓልፑር፣ ከባሕሩ ዳር፣ ከማዘጋጃው አጥር ሥር፣
አንድ ጃንጥላ፣ አንድ ወንበር፣
አንድ ፊደል የምትውጥ የጽሕፈት መኪና፣ ካልመቷት የማትናገር፤
ሠላሳ ዓመት እዚሁ ነኝ፣ የሰው አቤቱታ ስደረድር።

ስም ሲሳሳት አውቃለሁ፤ ስሕተት ነው እንጀራዬ።
የአንዱን አባት አጎት አድርገውበት፣
የአንዷን እናት ወንድ አድርገውባት፣
የሌላውን አያት ከወገቡ በታች ምስጥ በልቶበት፣
ሁሉም ይመጣል፤ እጽፋለሁ፤ አልጠይቅም ከዋጋዬ
በቀር። በገጽ አሥራ አምስት ሩፒ።

ኩንታላ የመጣች ለት፣ ዝናብ ገና ሲያባራ፣
አንድ ጫማዋን ጭቃ ያስቀራት ልጇን ይዛ በግራ፣
ወረቀቷን ከፌስታል፣ ፌስታሉን ከጉያዋ አውጥታ፣
«አንብብልኝ» አለችኝ፤ ፊደል አላጣችም፤ ከሌላ አፍ መስማት ሽታ።

«የልጅ ስም፣ ጂሊ። ጾታ፣ ሴት።
አባት፣ ቢዲያዳር፣ መረብ ጠጋኝ።
እናት፣ ሱሎቻና።»
ቀና አልሁ። «ታዲያ ምኑ ተሳሳተ?»
«እኔ ኩንታላ ነኝ።»

ቃሏን እንደ ሰጠችኝ ልጻፈው፦
«ሱሎቻና የባሌ የፊት ሚስት ናት፤ ካረፈች ሰባት ዓመቷ፤
ከራሽን ካርዱ ግን አልወጣችም፤ እዚያ ሕያው ናት በቤቷ።
ልጄን የወለድሁ ሌሊት፣ ጸሐፊውን እንቅልፍ እያዳፋው፣
ባሌ ካርዱን ቢዘረጋለት፣ እንዳገኘው ገልብጦ ጻፈው።
አሥራ ዘጠኝ ሰዓት እኔ አማጥሁ፤
እሷ ወለደች።
አምስት ዓመት ዝም አልሁ። ትናንት ላስመዘግባት ትምህርት ቤት ሄጄ፣
ዳይሬክተሯ ወረቀቱን አይታ፣
‹እናትየዋ ራሷ ትምጣ› አለችኝ፤ ልጄ በእጄ።»

የሚያስፈልገውን ነገርኋት፦ የሆስፒታል ካርድ፣ ቃለ መሐላ፣
የቴምብር ወረቀት፣ ሁለት ምስክር፣ ደግሞ ሌላ፣
የሟቿ የሞት ምስክር ወረቀት። እዚህ ላይ ፊቷ ጠቆረ።
ያ ወረቀት ከሱሎቻና እናት ሣጥን ውስጥ ነበረ።
በምን አፍ ይጠየቃል?
«ልጅሽ መሞቷን አስረጂልኝ፣ የኔ እናትነት እንዲታመን»?

እንዴት እንደ ጠየቀቻት አላውቅም።
ሐሙስ ዕለት አሮጊቲቱ ራሷ መጣች፤ ጀሙና ትባላለች፤
ወረቀቱን በሳሪዋ ጫፍ ቋጥራ። «ከምስክሮቹ አንዷ እኔ ነኝ» አለች።
መጻፍ አትችልም። አውራ ጣቷን በወይን ጠጅ ቀለም ነክሬ
ከስሟ አጠገብ አስፈረምኋት። ጨርቅ ባቀብላት አልወሰደችም።
«የልጄን ስም ልትሰርዙት ነው?»

መዝገቡ ወጣ። ጸሐፊው ናርሲንግ፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፣
በቀይ ቀለም፣ ከኅዳጉ ላይ፣ «እናት፦ ኩንታላ» ጻፈ አሳንሶ።
የፊተኛው አይፋቅም፤ ሕጉ ነው፤
ስሕተቱ በመስመሩ ይቀራል፣ እውነቱ ከጎኑ ይቆማል።
ኩንታላ አየች። «እኔ ከዳር ነኝ?»
«ሰርቲፊኬቱ ላይ ብቻሽን ነሽ» አልኋት። «መዝገቡ ላይ ግን ሁለት ናችሁ።»
«ይሁን» አለች፤
ተጽናንታ አይደለም፤ ከኋላችን ወረፋው ረጅም ነበር።

ጀሙና ግን አልተንቀሳቀሰችም። «የት ላይ ናት?»
ማንም ሳይመልስ ኩንታላ የአሮጊቲቱን እጅ ያዘች፣
ከሰማያዊው ስም ላይ አኖረችው።
ያልተጠረገ አውራ ጣት፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም።
«ኧረ መዝገቡን! መዝገቡን!» ናርሲንግ ቢጮህ፣
በመምጠጫ ወረቀት ቢጫነው፣ ቢያሻሸው፣ አልለቀቀም።

አሁንም አለ። ሌላ ጉዳይ ይዤ ስገባ፣
ያን ገጽ ሲገልጡት አየዋለሁ፤
ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ወይን ጠጅ።
እድፉ ይታረም ብሎ እስካሁን ያመለከተ የለም።