በግራ እጁ

ሌሊቱን ነፋሱ ቆርቆሮ ሲያላጋ፣
አዳማ አቧራዋን ስታራግፍ ነጋ።
ከጎሚስታው አጥር፣ ጋቢናዋን ደፍታ፣
ተሳላሚ መስላ፣ ጎንበስ ብላ ላፍታ፣
አሮጊቷ ኤፍ ኤስ አር ቆማለች፣ ሆድ ከፍታ።

ዘጠኝ መቶ ሺህ ላይ ተሰበረ ቆጣሪው፤
ከዚያ ወዲህ ላለው እግዜር ነው ቆጣሪው።

"ምንም አልሆነም" አልኩ፣ ማኒኮቶውን አይቼ፤
"ይኸው ያብለጨልጫል፣ በናፍጣ አሽቼ።"
ወርዶፋ አልመለሰም። መዳፉን ጠረገ፣
ወፍራሙን ጎማ ጫን፣ ለቀቅ አደረገ፣
በግራ እጁ።
እንደበሰለ ማንጎ ሰመጠ አውራ ጣቱ፤
ጎድጉዶ ቀረ ጎማው፤ ከድቶታል ብርታቱ።
ፈትቶ በምላጭ ሸረከተው፤ ውስጡን ሳየው
ተልሶ፣ ተቦርቡሮ፣ ክሩ ብቻ ነው የያዘው።
"ጎማ ከውጭ አያረጅም" አለ። ይኸው ነው ንግግሩ፤
ከዚያ ወዲያ ፒንሳና ፋሸታ ናቸው የሚናገሩ።

ከመለዋወጫ ሱቅ በባጃጅ ያመጣሁትን
አጠፈው፤ አሸተተው፤ "መልስ" አለኝ፣ "የጫማ ሶሉን!"
ሁለተኛ ሄድኩ፣ ፀሐዩ አናቴን ሲመታው፤
ዋናው ካልመጣ ጋቢና አይነሳም፣ እሱ ነው ጌታው።

የላዩን፣ የታቹን፣ ወደ ቱርቦው የሚሄደውን፣
ከሞተሩ ጀርባ ታጥፎ የተደበቀውን።
"ይሄን እንኳ ተው፣ ትንሽ ነው፣ ማን ያየዋል?" ብለው፣
"ሙቀቱ ያየዋል" ብሎ ነቀለው።

ለምን እንደሆነ አውቃለሁ።

የዛሬ አስራ አንድ ዓመት፣ ከገዋኔ በላይ፣
ድንጋይ በሚጠብሰው በሰኔ ፀሐይ፣
እሱ ረዳቴ ነበር፤ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ፤
ዘፈን ያበዛ ነበር፣ ሳቅ አያጣም ፊቱ።
ማኒኮቶው ጠብ፣ ጠብ አለ፤ ብዙ እንኳ አይደለም።
"እንቀይረው፣ ትርፍ ይዘናል" አለኝ። አልኩት፦ "የለም፤
ጭነቱ ይዘገያል፤ በካላማዳሪ ቁራጭ እሰረው፤
ሚሌ ያደርሰናል፤ ስንቴ አድርሶናል፤ ጠምጥመው።"

ጠመጠመው።

ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ዘፈነ።
ከዚያ ቆመን፣ ጋቢናውን ደፍተን፣
ሊያጠብቀው እጁን ሲዘረጋ
እንፋሎቱ ቀደመው።

ለራዲያተሩ የያዝኩትን ውሃ ክንዱ ላይ ጨረስኩ፤
አስፋልቱ ወዲያው ጠጣው፤ አንድ ቃል አልተነፈስኩ።

ቀኝ እጁ ድኗል ይላሉ። ቁልፍ ይይዛል፤ ይፈታል፤
ለስላሳና ሻካራ፣ ሙቅና ቀዝቃዛ ግን ተምታቶበታል።
ስለዚህ ጎማ ሲፈትሽ ግራውን ይልካል።
እኔም በየዓመቱ፣ ሳይጠራኝ እመጣለሁ፤
እሱ ማኒኮቶ ያያል፤ እኔ እጁን አያለሁ።
"ይቅር በለኝ" የሚል ቃል አለኝ፣ አስራ አንድ ዓመት የከረመ፣
ላዩ የሚያብለጨልጭ፣ ውስጡ የታመመ።

ማታ ከሞተሩ ስር የማካሮኒ ካርቶን ዘረጋ፤
"ሂሳቡ ካደረች በኋላ ነው" አለ፣ "ሲነጋ።"
እዚያው ጋቢና ውስጥ ተኛሁ፣ ነፋሱን እየሰማሁ።
ወገግ ሲል ካርቶኑን ሳበው፤ አብሬው አጎነበስሁ።
አገላበጠው። አሸተተው። ዳበሰው፣
በግራ እጁ።

ደረቅ ነው።
አንዲት ጠብታ የለችም።

አስራ ሁለት ሺህ ብር ቆጠርኩ፤ ሳንቲም አልቀነሰልኝም።
ካርቶኑን ለአራት አጥፎ፣ ከወንበሬ ስር ከተተው፤
አስራ አንድ ዓመት ካፉ ያልወጣውን ስም
እንደ ዋዛ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ እጁን እየታጠበ፦
"ገዋኔ ላይ ስትቆም፣ ደግመህ አንጥፈው።"