ሁለት ጣት

ወንበሯ ተመልሳ መጣች አሉኝ፤ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ፣
በመስታወት ቤት ውስጥ ቆማለች፤ ስሙም በናስ ተጽፎ ተሰቅሎ፦
«ንድፍ፣ ካያሞ ዳንጊሶ፤ ሐዋሳ፣ 1958። ዳግም የተሠራ።»
ሄድኩ፣ ምርኩዜን ይዤ፣ ከዚህ ከቆልማማ ክንዴ ጋራ።

ሲነድፋት አስታውሳለሁ፤ የሲሚንቶ ከረጢት ገልብጦ ነበር፣
በዚያ በቀይ እርሳስ፣ ከጆሮው ጀርባ በሚኖር።
ዋንዛ ናት። ምስማር የላትም፤ ጉልላት የላት፤ የተቀረጸ አንበሳ የላት፤
አራት እግር፣ ጋደል ያለ ጀርባ፣ ሁለት ክንድ፤ ይኸው ናት።
የሆቴሉ ጌታ ዞራት ዞራትና «መቼ ነው የምታልቀው?» አለ።
«አልቃለች፤ የጎደለው ተቀማጩ ነው» አለው፣ የመላጊያውን ምላጭ እየሳለ።

እኔ ኮላ የማፈላ ልጅ ነበርኩ፤ አሥራ ሦስት ዓመቴ፤
ከዋርካ ወድቄ፣ ወጌሻ አስሮት፣ አጥሮ የቀረ የግራ ክንድ አጥንቴ።
አንድ ማታ ሳጥን ላይ አስቀመጠኝና ሜትሮውን ዘረጋ፤
ከክርኔ እስከ ሳጥኑ ለካ። በግራዬ ዞሮ ደግሞ ለካ። ፋኖሱን አስጠጋ።
በማግስቱ የወንበሯን ግራ ክንድ በሁለት ጣት ከፍ ብሎ አየሁት።
«ጋሼ፣ ተሳስተሃል» አልኩት።
«ብርጭቆ ወረቀቱን አምጣ» አለኝ። አመጣሁለት።

አሥራ ሁለት ነበሩ። ሆቴሉ ሲወረስ በየቢሮው ተበተኑ፤
አንዷ ላይ ማኅተም መቺ ተቀመጠ፤ አንዷ ማገዶ ሆነች፤ የቀሩት የት እንደሆኑ
ማንም አያውቅ። እሱም አላወቀ። በመጨረሻው የሬሳ ሳጥን ይሠራ ነበር፣
ታቦር ሥር፣ በቆርቆሮ ዳስ፣ በሟች ቁመት ልክ፣ በብድር።
አንዷን ከቀበሌ መጋዘን፣ ከስንዴ ጆንያ ሥር አገኟት፤
ልጆቹ በኮምፒውተር ለኳት፣ ገለበጧት፣ አባዟት።

«አባባ፣ ይቀመጡ» አለኝ ወጣቱ። ትሑት ልጅ ነው፤ የሌለ አቧራ አራገፈ።
«ግራው ከቀኙ በሁለት ጣት ይበልጥ ነበር» አለኝ፤ «ያ ስህተት ታርሞ አለፈ።»

ተቀመጥኩ። ጀርባዋ ያው ነው፤ ያ መጋደሏ፣ ያ ዝምታዋ አልተቀየረ።
ቀኝ ክንዴ አረፈ። ግራው፣ ሁለት ጣት ያህል፣ አየር ላይ ቀረ።
ያ ስህተት እኔ ነኝ ልለው አስቤ፣ ዋጋዋን ጠየቅኩት።
ነገረኝ። የቁጥሩን ዜሮዎች አንድ በአንድ በልቤ ደገምኳቸው፤ ከዚያም ተውኩት።

ባርኔጣዬን አወለቅኩ። ሁለት ጊዜ አጥፌ ከክርኔ ሥር ሸጎጥኩት።
ልክ ሁለት ጣት።

ከመስታወቱ ማዶ ባጃጅ ያልፋል። አንድ አባ ኮዳ
አንድ እግሩን አጥፎ፣ በአንዱ ቆሟል፣ ከዓሣ ገበያው መንገድ ዳር።
«ተመቸዎት?» አለኝ ልጁ።
«ትንሽ ልቆይ» አልኩት።