ቀሪ

አዘዞ፣ ፋብሪካው በር ላይ፣ ጣት የምታነብ
አንዲት ትንሽ ሣጥን አለች፣ ቆጥራ የማትጠግብ።
አራት ዓመት ሙሉ፣ በጠዋቱ ብርድ፣
አውራ ጣቴን ለሷ ሰጥቼ ነበር የምወርድ።
አረንጓዴ ታበራለች፣ ማን እንደሆንኩ ሳትጠራ፤
«ገብቷል» ትላለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ሥራ።

ሚያዝያ ሃያ ነበር። የሰሊጥ ማበጠሪያው ቀበቶ፣
ክዳኑ በጥር ወር ለጥገና ተፈቶ፣
«ነገ ይገጠማል» ሲባል ሦስት ወር ቆይቶ፣
መጀመሪያ ጓንቴን፣ ከዚያ ጣቴን ጎትቶ—
ሙጪት ባትደርስልኝ፣ በክርኗ ማጥፊያውን
ባትመታው ኖሮ፣ ይወስድ ነበር ቀሪውን።

ደም የነካው ሰሊጥ ተለይቶ ተመዘነ፤
አሥራ አንድ ኪሎ ከሩብ፣ ኪሳራ ሆነ፤
መዝገብ ላይ ሰፈረ፣ ማኅተም አረፈበት፤
ያን መዝገብ ቢያገላብጡት፣ ጣቴ የለችበት።

ፎርማኑ እንዳልክ ሆስፒታል መጣ፣ ብርቱካን አንጠልጥሎ፣
ከብርቱካኑ ሥር አንድ ወረቀት አጥፎ፣ ከልሎ።
«ለደንቡ ነው» አለኝ፤ «ፈርምበትና እረፍ፤
ሦስት ሺህ ይሻላል፣ ቢሮ ከመሰለፍ።»
አነበብኩት፦ «እጄን ያስገባሁት በራሴ ጥፋት...»
ብርቱካኑን በላን፤ ለወረቀቱ ግን አልተገኘም ጣት።

ሰኔ ላይ ተመለስኩ። በልማድ፣ ሣጥኗ ፊት ቆሜ፣
ጠባሳዬን አስነካኋት፣ ከነሕመሜ።
«እንደገና ይሞክሩ።»
ሞከርኩ።
«እንደገና ይሞክሩ።»
ዘበኛው ጥጋቡ አየኝና ወደ መንገዱ ዞረ።

ደሞዝ ሲወጣ፣ በስሜ ትይዩ፣ በተርታ፣
ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ፤ ሃያ ስድስት ቀን፣ ጠዋትና ማታ።
ውሸት አይደለም። ቀሪ ነኝ። ከአሥር፣ ዘጠኝ ቀሪ።
ደሞዝ ከፋይም አለ ለካ፣ ቅኔ ደርዳሪ።

ሦስት ሐኪሞች ተሰብስበው በመቶኛ ተመኑኝ፤
«ከመቶ ይህን ያህል ጎድሏል» ብለው ፈረሙልኝ።
ከመቶው ስንቱ ነው የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፊያ?
ስንቱ የልጅ ጫማ ማሰሪያ?
ለሚስቴ ብጠቀልል፣ ጉርሻው መንገድ ላይ ፈሰሰ፤
ወጥ እንጂ ቁጥር አይደለም፣ ቀሚሷ ላይ የደረሰ።

ምስክር አምጣ አሉኝ። ሙጪት ነበረች፣ የቀን ሠራተኛ።
«ነገ በሩ ላይ ቢያስቀሩኝስ?» አለች፣ ዓይኗን ሰብራ።
አልፈረድኩባትም።
በጥር፣ ክዳኑ ሲፈታ፣ መብራቱን የያዝኩት እኔ ነኝ፤
«ያለ ክዳን አይዞርም» የሚል ቃል አፌ ላይ ነበረ፤
የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ትዝ አለኝ፣
ዋጥኩት።

ሐምሌ። ፒያሳ፣ ዝናቡ ደረጃው ላይ ይወርዳል፤
እኔ እወጣለሁ፤ ማመልከቻዬ በፌስታል ተጠቅልሏል።
ወይዘሮ ጥሩዬ መነጽሯን ጠርጋ አነበበች፤
«ያንተ ጥፋት ነው አሉ?» አለች።
«አዎ፣ እነሱስ ይላሉ።»
«ቢሆንስ? ሥራ ላይ አልነበርክም እንዴ?»
መልስ አጣሁ። ከሚያዝያ ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ከዚያ ፎርሙን ዘረጋች። ከግርጌው አንድ ባዶ ሣጥን፦
«የአመልካች የቀኝ አውራ ጣት አሻራ።»
ተያየን።
እኔን ሣቅ መጣብኝ፣ ክፉ ሣቅ፣ እንባ የቀደመው።
እሷ አልሣቀችም።
እስክርቢቶ አንስታ «ቀኝ» የሚለውን ሠረዘች፤
«ግራ» ብላ ጻፈች፤ ጎኑ ላይ ፈረመች፤
ቀለሙን ወደኔ ገፋች።

ቀጠሮው ለጥቅምት ሃያ ስድስት ነው። ገና ነው።
ጠበቃቸው ሊመጣ ይችላል፤ ሊረዝም፣ ሊዞር ይችላል።
ጥቁር ግራ ጣቴን ሱሪዬ ላይ እየጠረግኩ ስወርድ፣
ከደረጃው ሥር አንዲት ሴት፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣
ዝናብ የነካው ፀጉሯ ላይ ሁለት ፍሬ ሰሊጥ አለ፤
ቀና ብላ ሕንፃውን አየች፣

«ስንተኛ ፎቅ ነው?» አለችኝ ሙጪት።