ካፖርት በሠላሳ ስድስት ዲግሪ

ታይዋን ገበያ ገባን፣ ካፖርት ልንገዛ፣
በሚያዝያ ቀትር፣ አስፋልቱ ሲወዛ።
ሻጩ ሳቀብን፦ «ለማን ነው ይሄ ሁሉ ጥጥ?
ሰው ቆዳው በከበደው አገር፣ በላብ ላይ ላብ ሊያስቀምጥ?»
ትርንጎ ዋጋ ትቆርጣለች፤ እኔ እጅጌውን እለካለሁ፤
መስተዋቱ ውስጥ አንድ ድብ፣ ላቡን ሲጠርግ አያለሁ።
«ሂማላያ ልንሄድ ነው» አልኩት። ቀና አለና፣
«ከጅጅጋ ወዲያ ነው?» አለኝ፣ «መንገዱስ ደኅና?»

ሃያ ስምንት ዓመት፣ በነጭ ጠመኔ፣
ያንን ተራራ ሰሌዳ ላይ ስስል የኖርኩ እኔ፣
ስምንት ሺህ ስምንት መቶ አርባ ስምንት እያልኩ ሳስቆጥር፣
ብርዱ አንድም ቀን አልነካኝም፤ የነካኝ ዱቄቱ ነበር።
ደወል ሲደወል አጠፋዋለሁ፣ በዳስተር፣ በአንድ እጅ፤
በማግስቱ ደግሞ አበቅለዋለሁ፣ ለሌላው ሰው ልጅ።

ዘንድሮ ዕቁብ ደረሰን።
«ጣሪያው ይቆይ» አለች፣ «ድሬ በዓመት ስንቴ ይዘንባል?
ያንተው ተራራ ግን ሠርክ፣ ጆሮዬ ላይ ያንጠባጥባል።»

ከዚራ፣ ከበረንዳችን፣ ካርታው በማታ ተዘረጋ፤
ማራገቢያው እንዳይወስደው፣ ብርቱካን በየጥጉ፣ ብርጭቆ በዚህ ጋ።
ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው፤ ሁለቱ በአየር ያልቃል፣
ሰባት ይቀራል፤ አንዱን ደግሞ የእሷ ጉልበት ያውቃል።
እኔ፦ ጎህ ሲቀድ፣ ከኮረብታ ላይ፣ በረዶው ሲቀላ ማየት፤
እሷ፦ የሸክላ ሠሪዎች አደባባይ፣ ቤተ መቅደስ፣ የሰው ቤት።
«ተራራማ ምን አለው?» አለች፣ «ቆሞ ከማየት ሌላ?
እኔ ሰው ልይ፤ ሙሽራ እንዴት እንደሚሸኙ፣ ለቅሶ ላይ ምን እንደሚበላ።»
«ተራራ ጨዋ ነው» አልኳት፣ «ካልጠሩት አይናገርም።»
«እንግዲያው» አለች፣ ብርቱካኑን አንስታ፣ «እኔ አልጠራውም።»
ጥጉ ተጠቀለለ፤ ኔፓል ህንድ ላይ ተኛች፤
ብርቱካኑን ልጣ፣ ግማሹን ለእኔ ሰጠች።

ቅዳሜ ደንገጎን ወጣን፤ ለልምምድ ነው፣ በሚኒባስ፤
ጫት የጫነ አይሱዙ ቁልቁል ይበራል፣ ነፍስ ሊያድስ ወይ ሊቀንስ።
ጠመዝማዛው ሲያልቅ ወረድን፤ ጉሙ እንደ ውሃ ቀዘቀዘ፤
ካፖርቴን ለበስኩ፤ ቲማቲም የሚሸጥ ልጅ አይቶኝ ፈዘዘ።
ትርንጎ ጉልበቷን ይዛ፣ መቶ እርምጃ ልትሄድ ቆጠረች፤
በሰባ ሁለት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ቁልቁል አየች።
ጉሙ ለአፍታ ተቀደደ።
ከሥራችን ድሬ ታየች፣ ቆርቆሮዋ የፈሰሰ ሳንቲም፤
ደቻቱ ነጭ አሸዋ ብቻ፣ ውሃ የለውም፣ ግን አይተኛም።
«ሠላሳ ዓመት ኖሬባት» አለች፣ «እንዲህ አላየኋትም።»
ተራራው ተናገረሽ ልላት ነበር፤ ተውኩት፤ አላልኳትም።

ማታ ዕቅዱ ተደለዘ፤ የእኔ ጎህ አንድ ብቻ ቀረ፣
የእሷ አደባባይ ሁለት ቀን ጨመረ።
ሽቅብ የሚወስደው የእግር መንገድ በቀይ እስክሪብቶ ወጣ፤
«በጉልበቴ ነው» አለች። ተቀበልኩ፣ ያለ ጣጣ።
አሸዋ ገበያ ስትዞር ስትውል ያ ሕመም አይነሣም፤
የድል ጮራው ሐኪም ስለ ልቤ ያለውን ግን፣ እሷም እኔም አናነሣም።

በረራው በጥቅምት ነው። ካፖርቱ በሩ ላይ ተሰቅሏል፤
መብራት ሲጠፋ፣ ማራገቢያው ሲቆም፣ የመሸበት እንግዳ ይመስላል።
ትናንት ሙቀቱ ሲቀሰቅሰኝ፣ እንቅልፍ ከዓይኔ ሲሸሽ፣
እጄን ኪሱ ውስጥ ከተትኩ፤ አንድ ነገር አለ፣ የሚንኮሻኮሽ።
ኪኒኖቼን በላስቲክ ቋጥራለች፤ በጨለማ ቆጠርኩ በጣቴ፦
ዘጠኝ ቀን፣ ጠዋትና ማታ፤ አሥራ ስምንት ነበር ስሌቴ።
አሥራ ዘጠኝ ሆነ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ። ይሄ ምን ይባላል?
ጎህ ቢዘገይ ብላ ይሆናል።