የተኛሁበት ኪዳን

ከፈረስ መጋላ ቁልቁል ሲወረድ፣
ስፌት በሚያጓራ በዚያ ጠባብ መንገድ፣
መኪና ግርግር፣ ከሦስተኛው በር፣
እኔና አሮጌዋ ሲንገር
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእግር ስንነጋገር
የሰው ሠርግ ሰፋን፣ የሰው ልቅሶ ሰፋን፤
የራሳችን ሲቀደድ ግን ክር ጠፋን።

አስካለ በጥምቀት ማግስት ወደቀች፤
ግራ እጇን እንደ ቁራጭ ጨርቅ ደረቷ ላይ አቅፋ ቀረች።
ሐኪሙ "ጊዜ ይፈልጋል" አለኝ። አከራዬ "ጊዜ የለም" አለኝ።
በሁለቱ ጊዜ መካከል እንቅልፍ ከዳኝ።

ውሃም በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው፣ እሱም በሌሊት፤
ጀሪካን ደርድሬ እጠብቃለሁ፣ በኩራዝ ፊት።
ቧንቧው ሲስል፣ ሲያቃስት፣ አየር ብቻ ሲተፋ
ጸሎቴም እንደዚያው ነበር፤ ድምፁ አለ፣ ጠብታው ጠፋ።

ዐሥራ ዘጠኝ ሌሊት።
አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው፤
በጅብ ጩኸት ጀምረው በአዛን የሚያልቁ ናቸው።

በሃያኛው እማማ ትርንጎ በጨለማ መጡና
"እኔ አለሁ፤ ሂድና ደጁን ሳም" አሉኝ፣ "ኪዳን ሊደርስ ነውና።"

ወጣሁ። ሽቅብ።
ድንጋዩ ገና ቀዝቃዛ፣ ሱቁ ሁሉ ዝግ፣
አንዲት ጎማ የወለቀባት ፔጆ ብቻ ጥግ፣
እንደኔው ደክሟት።
አፌ ግን ክርክር ያሰላስላል፣ እንደ ጠበቃ፦
"ጌታዬ፣ ወይ እጇን መልስ፣ ወይ እኔን አንሣኝ፣ ይብቃ።
መድኃኔ ዓለም ነህ አሉ፤ ዓለሙ ይቆይ፣ አንዲት ክፍል አድን።"
ይህን ልለው ነበር። ካህኑ ሲጀምሩ ኪዳን
ግንቡን ተደገፍኩ፣ ለአፍታ፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል፤
ከዚያ ወዲያ አላስታውስም አንድም ቃል።

ሕልም አላየሁም። ራእይም። ማንም አልጠራኝ በስሜ።
ያ ሁሉ ክርክር እንዳልተሰፋ ጨርቅ ታጥፎ ቀረ ከጎኔ፤
እንቅልፍ ብቻ ነበር፤ እንደ በልግ ዝናብ ድንገት የመጣብኝ፣
እንደ እናት ጫማዬን ፈትቶ ያስተኛኝ።

ስነቃ ፀሐይዋ ጉልበቴ ላይ ደርሳለች፤
ሕዝቡ ሄዷል፣ አንዲት መጥረጊያ ብቻ አቧራ ታነሣለች።
ጋቢ ለብሻለሁ፤ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤
(ጠርዙ ተዝረክርኳል፤ ሰፊ ነኝና፣ ዓይኔ አያልፍም።)
ከአጠገቤ ግማሽ ዳቦ በጋዜጣ፣ በጣሳ ውሃ።
ያ ነቢይ ትዝ አለኝ፣ ሞቱን የለመነው በበረሃ፤
ከክትክታው ሥር ሲወድቅ ማንም አልዘለፈው፣
ተኝቶ ሲነሣ ትኩስ እንጎቻ ነው የጠበቀው፤
መንገዱ ገና ነበራ።

አፈርኩ። "አባ፣ ኪዳኑን ተኛሁበት" አልኳቸው
አባ ወልደ ትንሣኤን። ሳቁ፤ ታየ ድዳቸው።
"አንተ ተኛህ እንጂ ኪዳኑ መች ተኛ፣ ልጄ?" አሉኝ፤
መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ጓሮ ሄዱ፤ ተዉኝ።

ዳቦውን በላሁ። ፍርፋሪውንም ለቀምኩ።
ተአምር ልቀበል ወጥቼ፣ እንቅልፍ ተቀብዬ ወረድኩ።

ምንም አልተለወጠም። እጇም ያው፣ ኪራዩም ያው፣ ቧንቧውም።
ጉልበቴ ብቻ ያው አይደለም።
በልክ ነው የተሰፋልኝ፣ ለዛሬ፤
ለነገ አልተለካም፤ እኔም አልጠየቅሁ፣ ደፍሬ።

ረምዚ፣ የጎኔ ሰፊ፣ ሱቄን ከፍቶ ጠበቀኝ፤
"መኪናህን ዘይት አጠጥቼልሃለሁ፤ ትንጫጫ ነበር" አለኝ።
"ቤትህስ እንዴት አደረች?" "አለች" አልኩት።
"አልሐምዱሊላህ" አለ። በልቤ አሜን አልኩት።

ማታ ያችን ግራ እጅ በእጄ ይዤ "ተኚ" አልኳት፤
ጠዋት ከተሰጠኝ እንቅልፍ፣ እንደ ዳቦው፣ ግማሹን ቆረስኩላት።
ጀሪካኑን ቧንቧው ሥር አቆምኩት፤
"ውሃው ከመጣ እሱ ይቀስቅሰኝ" ብዬ ኩራዙን አጠፋሁት።