ሰባት መርፌ

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
እትዬ ሸጊቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ግንብ ጋር ተጣብቃ፣
ቁልፍ ትተክላለች፣ የሱሪ ጫፍ ታጥፋለች።
ሰባት መርፌ ሰክታ ከሹራቧ ደረት፣
ሰባቱም ጾመኛ፣ ክር ያልገባበት፣
እኔን ትጠብቃለች።

ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያ ነው መንገዴ፤
"ነይማ፣ አንቺ ዓይን አለሽ፣ አግቢልኝ አንዴ።"

ዓይን አለሽ! እንዲህ ያለኝ ሌላ ሰው አልነበረም።
የጋሽ ታፈሰ ሰሌዳ ለእኔ ሰሌዳ አልነበረም፣
ጠመኔ የሚያጨስበት ጥቁር ደመና ነው እንጂ።
"ጻፊ!" ይለኛል። ከየት አምጥቼ?
ከጎረቤቴ ስገለብጥ ተይዤ ስንቴ ተንበረከክኩ፣
"ይቺ ልጅ ልቧ እዚህ የለም" ተባልኩ።

አፍንጫዬ ሥር የመጣ ነገር ግን ወዮለት፤
የመርፌ ቀዳዳ ለእኔ የበረት በር ነው፣ በሬ የሚነዳበት።

ስጨርስ ተራው የእሷ ነው። ዓይኗን ወደ ድልድዩ ትልካለች፤
"ይሄ የገላን ነው፣ ተይው። ያኛውም ያንቺ አይደለም።
ያ! አቧራ ለብሶ የዞረው፣ ሩጪ!"
እኔ የማየው ቀይ ጭረት ብቻ ነው።
እሮጣለሁ። ተሳስታ አታውቅም።

እሷ ሩቁን፣ እኔ ቅርቡን፣
ግማሽ ግማሽ ዓይን ተበዳድረን ስንኖር
በሽታ ነው ያለን የለም።
እሷን "ዕድሜ ነው"፣ እኔን "ስንፍና" አሉን፤
ስም ከወጣልን ወዲያ ማን ሐኪም ይጥራልን?

በጥቅምት ሲስተር ሰናይት ግድግዳ ላይ እግራም ፊደል ሰቀለች።
"እግሩ ወዴት ነው? ላይ ወይስ ታች?"
"ሲስተር፣ ፊደሉ ራሱ የት ነው?" አልኳት።
ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤
መዝገቧ ላይ አንድ ጭረት ጫረች።
ያቺ ጭረት እኔ ነኝ።
በሦስተኛው ሳምንት መነጽር መጣልኝ።

"የእትዬ ሸጊቱስ?"
"የተማሪ ብቻ ነው። ትልልቆቹ በሚቀጥለው ዙር።"

መነጽሬን አድርጌ የወጣሁ ቀን፣ ከድልድዩ ማዶ ሆኜ
ለመጀመሪያ ጊዜ ከሩቅ አየኋት፦
መርፌዋን ወደ ሰማይ አንስታ፣
ክሩን ልሳ፣ ስታ፣
ደግሞ ልሳ፣ ደግሞ ስታ።
ሰባቱ ክር ለካ እስከ ምሳ እንኳ አይደርስም ነበር።

ምንም አላልኳት።
ሰባቱን አስገባሁ፤ ከዚያም ከቆርቆሮዋ ያገኘሁትን መርፌ ሁሉ።
አውቶቡሱ ከሩቅ ሲዞር ቁጥሩን አነበብኩት፣
ጥርት ብሎ።
ዝም አልኩ።
እሷ እስክትነግረኝ ጠበቅኩ።