ይበልጥ ልክ የሆነው

ጣሪያው ሲያፈስ ያድራል፣ የተከራየነው፤
ከአልጋዬ ራስጌ ሳፋ ያስቀመጥነው
ጠብ ጠብ የሚለውን ሊይዝልን ነበረ፤
ዛሬ ሌሊት ግን እኔን ማስተማር ጀመረ።

«አንድ ሊትር ግሉኮስ በስምንት ሰዓት ይግባ፤
ሃያ ጠብታ ነው አንዱ ሚሊ ሲያነባ፤
በደቂቃ ስንት ነው?» ይላል ጥያቄው።
መልሱን አሁን አውቃለሁ፣ አርባ ሁለት ነው።
ሰዓቴን አስጠግቼ ጣሪያውን ብቆጥረው
ሠላሳ ስምንት ነው፤ አራት ይጎድለዋል።
«አንተም ወድቀሃል» አልኩት፤ «እንግዲህ ማን ቀርቷል?»

የእኔ ጉድለትማ አንዲት ነጥብ ብቻ፤
ሰባ አምስት ሲያሳልፍ፣ ሰባ አራት፣ ከደጁ ዳርቻ።
መምህርት ፓልማሬስ ወረቀቴን ስትሰጠኝ
ቀና ብላ አላየችኝም፤ ያ ነው የቆረጠኝ።

አባቴ ደወለ ከጊማራስ ማዶ፣
መረቡን ሊያነሣ ከጀልባው ላይ ማልዶ።
«ፈተናው እንዴት ነበር?» ሲለኝ፣ «ጥሩ» አልኩት፤
ያለ ሐኪም ትእዛዝ
የመጀመሪያውን መድኃኒት ሰጠሁት።
የጀልባውን ሞተር ለክፍያዬ ሸጦ
ይቀዝፋል አሁን፣ ክንዱን አሳብጦ፤
በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል ውኃው ሲመታ፣
እንደ ልብ ትርታ፣
ትንሽ እንደዘገየ፣ እንደደከመ ትርታ።

ጥያቄው አይከብድም። መልሱ ነው የሚከብደው።
ሀ ልክ ነው፣ ለ ልክ ነው፣ ሐም ልክ፣ መም ልክ ነው፤
«ይበልጥ ልክ የሆነውን ምረጪ» ነው ትእዛዙ።
ሰው እንዴት አራት እውነት ፊቱ ተደርድሮ
አንዱን ያከብራል፣ ሦስቱን አሳስሮ?

ሺና፣ አብራኝ የምታድር፣ ነርቮችን በዳንስ ታጠናለች፤
በአምስተኛው ጉንጯን፣ በሰባተኛው ፈገግታዋን ትነካለች፤
አሥረኛው እስከ ሆድ ይወርዳልና፣ ሆዷን ይዛ ትስቃለች።
እኔ ስጨፍር ግን ሁለት ነርቭ ይጠፋኛል፤
የትኞቹ እንደሆኑ ስፈልግ ይነጋል።

ማክሰኞ ተረኛ ነበርኩ፣ ክፍል ስድስት፤
ሎሎ ኢሲድሮ፣ የኔግሮስ አገዳ ቆራጭ፣
ሳንባቸው የታመመ፣ ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት።
ጣታቸው እንደ አገዳው አንጓ አንጓ ሠርቷል።
«ልጄ፣» አሉኝ ድንገት፣ «ልሞት ነው እንዴ?»
አራቱን ፊደላት ፈለግኳቸው ባንዴ፦
ሀ፣ «አይዞዎት» ማለት።
ለ፣ ሐኪም መጥራት።
ሐ፣ «ለምን እንዲህ አሰቡ?» ብሎ ጥያቄውን መመለስ፣
ልክ እንደ መጽሐፉ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ፣ በለስላሳ መንፈስ።
መ የለም። መ ባዶ ነው። እርሳስም የለም፤
መጋረጃው፣ የኦክስጅኑ ፉጨት፣ ደግሞ የኚህ ሰው ሕመም።

ወንበር ሳብኩ፣ ተቀመጥኩ፣ «አላውቅም» አልኳቸው፤
መዳፌ ውስጥ ገባ የሻከረ እጃቸው።
«ደግ መልስ ነው» አሉኝ፤ «ዶክተሩ ሁሉን ያውቃል፣
ለዚህ ነው የማይቀመጥ፤ ቆሞ አውርቶ ያልፋል።»
ሳቁ። ሳቃቸውን ሳል ነጠቀው በመኻል።
እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ጠብታውን ቆጠርኩ፤
አርባ ሁለት። ልክ ነው።
ማንም ሳይፈትነኝ እንደገና ቆጠርኩ።

ነገ ድጋሚው ነው፣ ከጠዋቱ በሁለት።
ፓልማሬስ ቀና ትላለች፣ ወይም አትልም፤ አላውቅም፤
ለ ትሆናለች ሐ፣ እሱንም አላውቅም።
ግን ከመግባቴ በፊት፣ ደጁ ላይ ቆሜ፣
አባቴ ጋ እደውላለሁ፣ ትንፋሼን ለግሜ፦
«ያ ጥሩ ያልኩህ ፈተና
ሰባ አራት ነበር፣ አባ። አሁን ልገባ ነው እንደገና።»
መረቡን ይዞ ዝም ይላል ምናልባት፤
መቅዘፊያው ሲያቆም እሰማ ይሆናል፣ ለአንድ አፍታ፣ በድንገት።

ሳፋው ሞልቶ ኖሮ ልደፋው ተነሣሁ።
ሺና በእንቅልፍ ልቧ እግሯ ይጨፍራል፤
ውጭ ዝናቡ በርትቷል።
ሰዓቴን አየሁት፣ ጣሪያውን ቆጠርኩት፤
አርባ ደርሷል።
«ሁለት ነው የቀረህ» አልኩት፤ «በርታ» አልኩት።